ቃጭል በሰም ማፍሰስ፦ የጃፓን ነሐስ አፍሳሾች አሠራር ለሰሜን ሸዋ ደጋ

ይህ መመሪያ ቁመቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ የአፉ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ቃጭል ለማፍሰስ ነው። አሠራሩ ጃፓኖች ሮጋታ የሚሉት የሰም ዘዴ (ቅርጹ በሰም ተሠርቶ ጭቃ ይለብሳል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ነሐሱ በቦታው ይፈስሳል) ሲሆን፣ አፈሩ፣ ሰሙና ማገዶው ግን ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝና ጅሩ ላይ የሚገኘው ነው። ሥራው በበጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ እሳት ፊት የሚዋለው ሁለት ቀን ነው፤ የቀረው ጭቃ ማቡካትና ማድረቅ ነው። ጀማሪ የሚቸኩለው ነሐሱን ለማቅለጥ ነው። የፈሰሰ ነሐስ ግን ጭቃው ላይ ያለፈውን ስህተት ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣዋል። ስለዚህ ስለ ጭቃው ረዘም አድርገን እንጽፋለን። ነሐሱ የሚፈስበትን የጭቃ ቤት ሞልድ እንለዋለን፤ ወርክሾፕ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው።

ጃፓኖች ለዚህ ጭቃ የሰጡት ቦታ ትልቅ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በናራ ከተማ ያለው 15 ሜትር ገደማ የሚረዝም የቡድሃ ሐውልት ከ747 እስከ 749 የፈሰሰው ከታች ወደ ላይ በ8 ደረጃ ነው፤ በየደረጃው ዙሪያውን አፈር እየተከመረ፣ ሠራተኞቹም ከአፈሩ ጋር ከፍ እያሉ። በ1611 ማኤዳ ቶሺናጋ የተባሉ መስፍን 7 አፍሳሾችን ወደ ታካኦካ ከተማ አምጥተው ካናያማቺ በተባለ ሰፈር አስፈሯቸው፤ ታካኦካ ዛሬም በነሐስ ሥራ የታወቀች ናት። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ መንግሥቱ የላቀ የእጅ ሙያ ያላቸውን ሰዎች እየመረጠ ይሰይማል፤ ሕዝቡ «ሕያው የሀገር ሀብት» ይላቸዋል። በሳዶ ደሴት የተወለዱት ሳሳኪ ሾዶ በሰም ዘዴ በ1960 ሲሰየሙ 80 ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር፤ በዓመቱ አረፉ። ታካሙራ ቶዮቺካ በ1964፣ በእሳቸው ሥር የሠሩት ሳይቶ አኪራ በ1993፣ የታካኦካው ኦሳዋ ኮሚን በ2005 ተሰየሙ። ከአራቱ አንዳቸውም ከ60 ዓመታቸው በፊት አልተሰየሙም። የተሰየመ ሰው ሙያውን ለሚያስተምርበት በየዓመቱ 2 ሚሊዮን የን ይሰጠዋል።

በእኛ አካባቢ እሳትና አፈር የያዘ እጅ ያገኘው ሌላ ነው፤ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» የሚል ስም። ይህን የምናነሳው ለሥራው ስለሚያስፈልግ ነው። የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ በእጃቸው የሚያውቁት ሸክላ ሠሪ እናቶች ናቸው። አፈሩን ከእነሱ ይግዙ፤ ዋጋውን ሳይከራከሩ ይክፈሉ፤ ከየት እንደቆፈሩትና ምን እንደሚቀላቅሉበት በአክብሮት ይጠይቁ። አንድ ከሰዓት ከእነሱ ጋር መዋል አንድ ወር ከመሞከር ይበልጣል።

አፈሩ

ለዚህ ቃጭል ደረቁ ድብልቅ 2 ኪሎ ይበቃል፤ 700 ግራም የሸክላ አፈር፣ 1,300 ግራም የገል ዱቄት። የጅሩ ዋልካ ለስንዴና ለጤፍ የታደለ ቢሆንም ለሞልድ አይሆንም። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ነሐስ ይገባና ቃጭሉ ዙሪያውን ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።

የገሉን ነገር ከጃፓኖች መማር ይገባል። ማኔ የሚሉት የሞልድ አፈር አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ፣ ከዚያ ተፈጭቶ በልዩ ልዩ ወንፊት የተለየ አፈር ነው፤ የሚያያይዘው ቀጭን የሸክላ ውኃ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥሬ ሸክላ ሲደርቅም ሲጋልም ይኮማተራል። በእሳት ያለፈ አፈር ግን መኮማተሩን ጨርሷል፤ በውስጡም አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይተዋል። በእኛ ቤት ይህ አፈር የተሰበረ ምጣድ፣ ጀበናና እንስራ ነው። ገሉን በሙቀጫ ወቅጠው በሦስት ይለዩት። በናይለን ስቶኪንግ የሚያልፈው ደቃቁ ነው፤ በዱቄት ወንፊት የሚያልፈው መካከለኛው፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠው ሻካራው ነው። ምጣዱ ዘይት የጠጣ ከሆነ አስቀድመው ከሰል ላይ ጭሱ እስኪቆም ያግሉት። በሚወቅጡበት ጊዜ አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ የገል አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው።

ድብልቁ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ልባስ 1 እጅ የተጣራ ሸክላና 2 እጅ ደቃቅ ገል፣ ምጣድ ላይ እንደሚፈስ የእንጀራ ሊጥ እስኪቀጥን በውኃ ይበጠበጣል። በውኃው ፋንታ ትኩስ እበት ተበጥብጦ በጨርቅ የተጠለለበትን ውኃ መጠቀም ይሻላል፤ ልባሱን ያለሰልሰዋል፣ ሲቃጠልም ለአየር መንገድ ይከፍታል። ሁለተኛው 1 እጅ ሸክላ፣ 2 እጅ መካከለኛ ገልና ከጥፍር ያልረዘመ የጤፍ ጭድ አንድ እፍኝ ነው። ጃፓኖች በጭዱ ቦታ ጭቃው ውስጥ ወረቀት ያሻሉ፤ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሮ መጠቀም ይቻላል። ሦስተኛው በሻካራው ገል የሚሠራ ሲሆን ጭዱ በዛ ይላል። ጭቃዎቹን አቡክተው በላስቲክ ሸፍነው ለ3 ቀን ያሳድሯቸው፤ ያልበሰለ ጭቃ እጅ ላይ ይበጣጠሳል።

ሰሙ

ከጠጅ ቤት የሚገኘው ሰፈፍ ርካሽ ነው፤ ግን ጌሾና እድፍ አለበት። በድስት ውኃ ውስጥ በቀስታ አቅልጠው በነጠላ ጨርቅ ያጥሉት፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ላይ ይቀራል፣ ቆሻሻው ከታች ይዘቅጣል፤ ከታች የያዘውን በቢላዋ ይፋቁት። ሁለት ጊዜ ይድገሙት። እድፍ የቀረበት ሰም ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ አመዱም ነሐሱ ላይ ጉድጓድ ይሆናል። ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ብርቱ እሳት አያስፈልገውም፤ ያለ ውኃ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይነድዳል።

ጃፓኖች ሰሙ ላይ የጥድ (ፓይን) ሙጫ ያቀልጡበታል። ሙጫው ያጠነክረዋል፤ ብቻውን ልል የሆነ ሰም በጣት ሙቀት ቅርጹ ይጠፋል። ልኩን የሚወስነው አየሩ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ ለ10 እጅ ሰም 4 እጅ ሙጫ ይሄዳል። በደብረ ብርሃን የጥዋት ቅዝቃዜ ግን ያው ድብልቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ እዚያ 2 እጅ ሙጫ ይበቃል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ጥቂት ጠብታ የኑግ ዘይት ይጨመርበታል። ፈተናው ቀላል ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅጠል ሰም ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክረው ጣትዎ ላይ ሲጠመጥሙት ሳይሰነጠቅ መታጠፍ፣ ሲቀዘቅዝም ቅርጹን ይዞ መቅረት አለበት።

ልቡን መሥራት

ቃጭል ባዶ ነው፤ ባዶውን የሚይዘው ውስጠኛው ጭቃ ነው። ልብ እንለዋለን፤ ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። በሁለተኛው ዓይነት ጭቃ፣ ጭዱን ትንሽ አብዝተው፣ የቃጭሉን ውስጥ ቅርጽ ያብጁ። አፉ ላይ 44 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከአፉ በታች 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እግር ይተርፍለት፤ ይህ እግር ሰም አይለብስም፤ በኋላ የውጭው ሞልድ ጨብጦ የሚይዘው በእሱ ነው። እግር የሌለው ልብ ሰሙ ሲወጣ የሚደገፍበት የለውም። ነሐስ ደግሞ ከጭቃ በብዙ እጥፍ ስለሚከብድ ልቡን እንደ ቡሽ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። መሃሉ ላይ እስከ ጫፉ የማይደርስ የእርሳስ ወርድ ያለው ቀዳዳ ከእግሩ በኩል ይብሱ፤ ጋዙ የሚወጣው በዚያ ነው።

ልቡ ከ5 እስከ 7 ቀን በጥላ ይደርቃል። በዓይን አይመኑ። በትንሽ ሚዛን በየቀኑ ይመዝኑት፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። የመጨረሻውን ክብደት ይጻፉት።

ሰም ማልበስ

ሁለት 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች መካከል ለብ ያለውን ሰም አስቀምጠው በረጠበ ጠርሙስ ይዳምጡት። ከዚህ የወጣውን እኩል ቅጠል ልቡ ላይ ያልብሱ፤ መገጣጠሚያውን በጋለ ቢላዋ ያያይዙት። ጥርጣሬ ባለበት ቦታ ሁሉ በመርፌ ወግተው ጥልቀቱን ይለኩ። 2 ሚሊ ሜትር የደረሰ ቦታ ካለ ነሐሱ እዚያ ሳይደርስ ይረጋል። አፉን ዙሪያውን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያወፍሩት፤ ምላሱ የሚመታው እዚያ ነው። ከላይ ማንጠልጠያውን ይሥሩ። ጌጥና ሐረግ የሚገባው አሁን ነው፤ ነሐስ ላይ በመሮ ከመልፋት ሰም ላይ በእንጨት ጫፍ መሳል ይቀላል።

ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በ2 ሳንቲ ሜትር ቆራርጠው በአራት ቦታ ሰሙን አልፎ ልቡ ውስጥ ይትከሉት፤ 1 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ውጭ ይቅር። ምስማር አይጠቀሙ፤ ይዝጋል፣ ከነሐሱም ጋር አይጋባም። መዳብ በነሐሱ ታቅፎ ይቀርና ጫፉ ሲሞረድ ቀላ ያለች ነጥብ ይሆናል። ኦሳዋ ኮሚን ኢጉሩሚ በሚባለው አሠራራቸው ሞልድ ውስጥ አስቀድመው የሚተክሉት ሽቦ በሚፈሰው ነሐስ እየታቀፈ መስመርና ጌጥ ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋሉ። አራቷን ነጥብ በእኩል ርቀት መትከል ለጀማሪም የሚቻል ነው።

ማፍሰሻው ከማንጠልጠያው ሥር፣ ቃጭሉ ወፈር በሚልበት ቦታ ላይ የሚቆም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሰም ዘንግ ነው። ቀጭን ማፍሰሻ ከቃጭሉ በፊት ይረጋል፤ ቃጭሉ ሲኮማተር የሚጠባው ትርፍ ነሐስ ያጣና ከማንጠልጠያው ሥር ዋሻ ይፈጠራል። መተንፈሻዎቹ ሁለት ናቸው፤ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ የሰም ክሮች ከአፉ ጠርዝ ተነስተው በውጭ በኩል ወደ ላይ፣ ማፍሰሻው አፍ እስካለበት ከፍታ ይወጣሉ።

አሁን ሁሉንም ይመዝኑና የልቡንና የሽቦዎቹን ክብደት ይቀንሱ፤ የቀረው የሰሙ ነው። በዚህ መጠን ቃጭል 37 ግራም ገደማ ይወጣል። ነሐስ ከሰም 9 እጥፍ ስለሚከብድ 37 በ9 ሲባዛ 333 ግራም ይሆናል። ለማፍሰሻው ጽዋና ለሚባክነው 100 ግራም ጨምረው 430 ግራም ይያዙ። ነሐስ ማሃል ላይ ካለቀ የሚጨመርበት ዕድል የለም፤ በሁለት ጊዜ የፈሰሰ ነሐስ ጎን ለጎን ይቆማል እንጂ አይዋሃድም።

ሞልዱን ማልበስ

ሰሙን በጠንካራ አረቄ በነከረ ጥጥ ይጥረጉት። የጣት ቅባት ያለበት ሰም ላይ ልባሱ እንደ ውኃ ተሰብስቦ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያውን ልባስ በለስላሳ ብሩሽ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀቡ፤ በጌጡ ስንጥቅ ውስጥ አየር እንዳይቀር በአፍዎ እፍ እያሉ ያስገቡት። የተያዘች አንዲት የአየር አረፋ ነሐሱ ላይ ኪንታሮት ሆና ትወጣለች። ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ሲደርቅ ሦስተኛ ልባስ ይቀቡ። ቃጭሉ ላይ የሚታየው ቆዳ ይህ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ ያለው ሁሉ ለጥንካሬ ነው።

ቀጥሎ 5 ሚሊ ሜትር ሁለተኛው ጭቃ፣ ከደረቀ በኋላ በቀጭን ሽቦ ዙሪያውን አስረው 1 ሳንቲ ሜትር ሻካራው ጭቃ። የልቡን እግር ጥብቅ አድርገው ያቅፉት፤ ከእግሩ ሥር ያለው የጋዝ ቀዳዳ ግን ክፍት ይቅር። ማፍሰሻው አፍ ላይ በጭቃው የቡና ሲኒ ስፋት ያለው ጽዋ ያብጁ። የመተንፈሻዎቹ ጫፍ እንዳይደፈን ይጠንቀቁ፤ የመዳብ ሽቦዎቹ ጫፍ ግን ጭቃው ውስጥ ይቀበር።

በየድርቡ መካከል ያለው ጊዜ የሥራው ግማሽ ነው። ፀሐይ ላይ አይስጡት፤ ሰሙ ከውስጥ ሰፍቶ ልባሱን ይገፋዋል። ከምድጃ አጠገብም አይቀመጥ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ካደረ ደግሞ ውርጩ ይገድለዋል፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ድርቦቹን ከሰሙ ላይ እንደ ሽንኩርት ያላቅቃቸዋል። የከፋው ነገር ጉዳቱ ከውጭ አለመታየቱ ነው፤ ነሐሱ ሲፈስ ብቻ ይታወቃል። ማታ ማታ ቤት ያስገቡት። ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ በአንኮበር ጉም ውስጥ ሳምንት የተቀመጠ ጭቃ እንደረጠበ ይገኛል። ጥቅምት፣ ጥርና የካቲት የተሻሉ ናቸው። ያለቀውን ሞልድ ለ7 ቀን ያድርቁት፤ እንደ ልቡ በሚዛን ያረጋግጡ።

ሰሙን ማውጣትና ሞልዱን ማጋል

እሳቱን በቀይ ጡብ በተሠራ የወገብ ቁመት ያለው ምድጃ ውስጥ ያድርጉት። የሲሚንቶ ብሎኬት ሲግል እየፈነዳ ስለሚረጭ አይሆንም። ለዝግታው ኩበት፣ ለግለቱ የባሕር ዛፍ ከሰል ይያዙ። ኩበት ሳይንቀለቀል ቀስ ብሎ የሚፋጅ በመሆኑ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሱ የሚሻል ማገዶ የለም።

ሞልዱን ጽዋው ወደ ታች ሆኖ ጥቂት ፍም ባለበት ላይ ያስቀምጡት፤ ከሥሩ ውኃ ያለበት ጣሳ ይኑር። ሰሙ በ1 ሰዓት ገደማ እየተንጠባጠበ ይወጣል። የቅኔ ተማሪ ሁሉ አፉ ላይ ያለው ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው። ሰም ሲቀልጥ ይሰፋል፤ እሳቱ ድንገት ከበረታ መውጫውን ሳያገኝ ሞልዱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከጣሳው የሚሰበሰበው ሰም ከገባው ያነሰ ነው፤ የቀረው ጭቃው ጠጥቶታል፣ ተቃጥሎ መውጣት አለበት።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ሞልዱ ውስጥ የቀረው እርጥበት መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ቀደም ብሎ እንፋሎት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን 3 ሰዓታት በኩበት ብቻ ይቆዩ። በጽዋው በኩል ቀዝቃዛ መስታወት ቢይዙ ጤዛ ካልያዘ እርጥበቱ ወጥቷል። ከዚያ በ4 ሰዓት ውስጥ ከሰል እየጨመሩ ያሳድጉት። በጨለማ ሲታይ ሞልዱ ደብዛዛ ቀይ ሲሆን ወደ 700 ዲግሪ ደርሷል፤ እዚያ ላይ 3 ሰዓት ይቆይ። ወደ ጽዋው ሲያዩ ጥቁር ጥላሸት የሚታይ ከሆነ ሰሙ አልጨረሰም፤ ይጠብቁ። ጥላሸት ላይ የፈሰሰ ነሐስ ይንተከተካል፣ ቃጭሉም እንደ ወንፊት ይወጣል።

ነሐሱ

ገበያ ላይ ነሐስ የሚባለው አብዛኛው መዳብና ዚንክ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ግን መዳብና ቲን ነው፤ ቲን ስንል ጣራ የምንከድንበትን ቆርቆሮ አይደለም፣ በዝቅተኛ እሳት፣ በ232 ዲግሪ የሚቀልጠውን ነጭ ብረት ነው። ለቃጭል 80 እጅ መዳብ፣ 20 እጅ ቲን ይሁን፤ ለ430 ግራም 344 ግራም መዳብና 86 ግራም ቲን ማለት ነው። መዳቡን ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያገኙታል፤ ፕላስቲኩን ልጠው ያውጡት፣ አያቃጥሉት፣ ጭሱ መርዝ ነው። ለቲኑ እርሳስ የሌለበት ስታኞ ይፈልጉ፤ ተራው ስታኞ እርሳስ ስላለበት ድምፁን ያፍነዋል። ቲኑ ከ20 እጅ ከበለጠ ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን ሲወድቅ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

ቲን ከጠፋ የአሮጌ ቧንቧ ነሐስ ያገለግላል፤ ድምፁ አጭር ነው። የጥይት ቀለህ አይጠቀሙ፤ በመካከሉ ያልተተኮሰ አንድ ቢገባ የሰው ዓይን ይወስዳል። የቧንቧ ነሐስ ሲቀልጥ ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ ነው። ያንን ጭስ የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል። ወተት መጠጣት ጭሱን አያወጣም፤ መድኃኒቱ ሥራውን ውጭ፣ ነፋሱን በጀርባ ተቀብሎ ቆሞ መሥራት ነው።

ማቅለጥና ማፍሰስ

ማቅለጫው የግራፋይት ይሁን። ባዶውን ከከሰሉ ጋር አብሮ ቀስ ብሎ ይጋል። በዚህ ደጋ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ ወናፉ በእያንዳንዱ ምት የሚያስገባው ኦክስጅንም ያንኑ ያህል ያንሳል። ቆላ ላይ በሦስት ምት የሚገኘውን ሙቀት እዚህ በአራት ምት ያገኙታል፤ ወናፍ የሚነፋ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ከ6 እስከ 8 ኪሎ ከሰል ያዘጋጁ፤ መሃል ላይ ከሰል ፍለጋ የተሄደበት ሥራ ተበላሸ ማለት ነው።

መዳቡ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል። አየር እንዳይበላው ላዩን በከሰል ዱቄት ይሸፍኑት። ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ በእሳቱ ዳር የሞቀውን ቲን ጨምረው ሸክላ በተቀባ ብረት ዘንግ ያማስሉ። ቲኑ ሲገባ ድብልቁ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፤ 80 በ20 የሆነው ወደ 900 ዲግሪ ሲወርድ ብቻ መርጋት ስለሚጀምር ለማፍሰስ 1,050 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ደረቅ የጋለ ዘንግ ነክረው ሲያወጡት ነሐስ ሳይለጠፍበት ንጹሕ ከወጣ ደርሷል። ከዚያ በላይ ማቆየት ጥቅም የለውም፤ ከልክ በላይ የጋለ ነሐስ ጋዝ ይጠጣል፣ ሲረጋ መልሶ ይተፋዋል።

ሞልዱ ቀይነቱን ገና ሲለቅ፣ ጽዋው ወደ ላይ ሆኖ ደረቅ አሸዋ በሞላበት ባልዲ ውስጥ እስከ አንገቱ ይቀበር። በሚተክሉበት ጊዜ አሸዋው ጽዋው ውስጥና መተንፈሻው ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። መሬቱ አፈር ወይም አሸዋ ይሁን፤ ሲሚንቶ ላይ የፈሰሰ ነሐስ ሲሚንቶውን ያፈነዳዋል። የቆዳ ጫማ፣ ወፍራም የጥጥ ልብስ፣ መነጽር ያድርጉ። ጋቢና ነጠላ አውልቀው ያስቀምጡ፤ ናይለን ልብስ ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ውኃ በአካባቢው አይኑር፤ አንዲት ጠብታ ውኃ የቀለጠ ነሐስ ሥር ከገባች ነሐሱን ሽቅብ ትረጨዋለች።

የከሰሉን ዱቄት በዘንግ ወደ ዳር ገፍተው፣ ማቅለጫውን በጉጠት አውጥተው ወዲያው ያፍስሱ። ይህን ያህል ትንሽ ነሐስ ሙቀቱን ይዞ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። ክሩ ሳይቋረጥ፣ ጽዋው ሙሉ ሆኖ እንዲቆይ ያድርጉ። በሁለቱም መተንፈሻ ነሐሱ ብቅ ሲል ያቁሙ። በአንዱ ብቻ ከወጣ ሌላኛው ወገን ሳይሞላ ቀርቶ ይሆናል። ሳይቶ አኪራ ፉኪዋኬ በሚባለው አሠራር ሁለት ቀለማቸው የተለያየ ብረቶችን በአንድ ሞልድ ውስጥ እያፈሰሱ፣ ሲገናኙ የሚሠሩትን ድንበር ጌጥ ያደርጉት ነበር፤ የዚያ ዓይነት ሥራ የሙቀት ዓይን ከበሰለ በኋላ የሚሞከር ነው።

ማጽዳትና ቀለም

ሞልዱን ለ3 ሰዓት ሳይነኩ ይተዉት። ከዚያ በእንጨት መዶሻ ይስበሩት፤ ብረት መዶሻ ቃጭሉን ይሰነጥቀዋል። ልቡን በሽቦ እየጫሩ ያውጡ። ማፍሰሻውን በሴጌቶ ይቁረጡ፣ በሞረድ ያስተካክሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ።

ጉድለት ካለ ምክንያቱን ቆዳው ላይ ያነቡታል። ጠርዙ ክብ ብሎ የቀረ ቀዳዳ ሞልዱ ወይም ነሐሱ ቀዝቅዞ እንደነበር ያሳያል። ለስላሳ ግድግዳ ያላቸው ጉድጓዶች ጋዝ ናቸው፤ ሞልዱ አልጋለም። ሻካራ፣ ሸረሪት ድር የመሰለ ዋሻ ማፍሰሻው ሥር ካለ ማፍሰሻው ቀጥኗል። አንዱ ጎን ወፍሮ ሌላው ከሳሳ ልቡ ተንቀሳቅሷል።

ለቀለም በታካኦካ ከሚጠቀሙባቸው አንዱ ኦሃጉሮ ነው፤ ብረት በኮምጣጤ ውስጥ ተቀምጦ የሚያወጣው ጥቁር ውኃ። የዛጉ ምስማሮችን በግማሽ ሊትር ኮምጣጤ ለ2 ሳምንት ያስቀምጡ፤ ክዳኑን አያጥብቁት። ቃጭሉን ጠብታ ውኃ ወዲያው እስኪተን ድረስ በፍም ላይ አሙቀው፣ ይህን ውኃና ጠንካራ ሻይ እያፈራረቁ ይቀቡት፤ 10 ዙር ያህል ሲደርስ ጥልቅ ቡናማ ይሆናል። እነሱ የሚቀቡት በሩዝ አገዳ ብሩሽ ነው። ለእኛ የመንዝ ጓሳ አለልን፤ የአካባቢው ሕዝብ ክልሉን ከፍቶ በሚፈቅድበት ወቅት ከታጨደው ላይ አንድ ጭብጥ ወስደው በክር ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። የናይለን ብሩሽ በጋለ ነሐስ ላይ ይቀልጣል። በመጨረሻ ቃጭሉ ለብ እንዳለ ንጹሕ ሰም ቀብተው በጨርቅ ያሹት።

ምላሱን ከውስጥ ሲያንጠለጥሉ ጫፉ ወፍራሙን ጠርዝ መምታት አለበት፤ ከፍ ካለ ድምፁ ይታፈናል። መጀመሪያ ግን ያለ ምላስ በክር አንጠልጥለው በእንጨት መታ ያድርጉት። የሚንቀጨቀጭ ድምፅ ካለው ስንጥቅ አለበት፤ ስንጥቁ ካልታየ በቀጭን ዘይት ቀብተው ቢጠርጉት መስመሩ ዘይቱን ይዞ ይታያል። የተሰነጠቀ ቃጭል አይበየድም፤ ለሚቀጥለው ማቅለጫ ያስቀምጡት።

የተሰበረውን ሞልድ አይጣሉት። ሽቦውን ነቅለው፣ የነሐስ ፍንጣሪውን ለቅመው፣ ወቅጠው በሦስቱ ወንፊት ይለዩትና በየጣሳው ላይ ደቃቅ፣ መካከለኛ፣ ሻካራ ብለው ይጻፉበት። ከአዲሱ ገል ይልቅ ይህ ይሻላል፤ የሞልዱን እሳት ቀምሷል፣ ሸክላውም በውስጡ በስሏል። ለሁለተኛው ቃጭል የመጀመሪያውን ልባስ ከዚህ ያብጁ።